እኛ ጋ የለም ከተባልኩ በኋላ የመጡ 26 ምላሾች

መነሻ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ልጄ 4ኛ ክፍል ናት፤ አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ትማራለች፣ የምትመላለሰው በሰርቪስ ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ትላለች። ሐኪም አይቷት ምንም የለባትም ብሏል። ቅዳሜና እሑድ አያማትም። ባለፈው ዓርብ እናቷ ዩኒፎርሟን ልታጥብ ስታገላብጥ የቀሚሱ ኋላ አፈር በአፈር ነው። ምን ሆነሽ ነው ብትባል ወደቅኩ አለች። የሐሙሱም እንደዚያው ነበር።

የወላጆች ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና ተማሪ በተማሪ ላይ የሚያደርሰው በደል ምን ያህል እንደሆነ ጠየቅኩ። ርእሰ መምህሩ ፈገግ ብለው እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም አሉና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ። ቀጣዩ አጀንዳ የክፍያ ጭማሪ ስለነበር ወደኔ ጥያቄ የተመለሰ ሰው የለም።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ። ይህ ነገር ምን ያህል የተለመደ ነው? ከአሥር ልጅ አንዱን ነው የሚነካው፣ ግማሹን ነው፣ ወይስ የኔዋ ብቻ ናት?

ከዘጠኝ ቀን በኋላ የጨመርኩት

26 ምላሽ መጣ። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ማንበብ ከበደን አሉ፤ ሦስት ሰዎች ደግሞ ስለ ልጆቻቸው የጻፉትን ቃል በቃል እንዳልገለብጠው ለመኑኝ። ስለዚህ በራሴ አነጋገር ልተርከው። ያዳላሁበት ቦታ ካለ ይቅር በሉኝ፤ የልጅ አባት ነኝ።

ምላሽ 1 አይዞህ የሚል ነው። ጸሎት አለበት፣ ልጅህን ጠንከር አድርገህ አሳድጋት የሚል ምክርም አለበት። አመስግኛለሁ። ምላሽ 2 ከየት እንዳመጣው ሳይናገር ከዓለም ተማሪ 80 በመቶው ይህ ይደርስበታል ብሎ ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣም።

ምላሽ 3ን የጻፈችው እህት የጤና ጥናት መጠይቆች ላይ የምትሠራ ናት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ባለ ቁጥሯ እያለ ነው የሚጠራት፤ እኔም እንደዚያው ልበላት። 80 የሚለውን በትሕትና ገለል አድርጋ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣውን አስቀመጠች። የ144 አገሮች መረጃ ተሰብስቦ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእኩዮቹ የተበደለ ተማሪ 32 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ከሦስት አንዱ መሆኑ ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ቁጥሩ ወደ 48 ይወጣል፣ አውሮፓ 25 አካባቢ ነው።

ይህን ያየው ምላሽ 4 እንግዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ ግማሹ ነው ብሎ ደመደመ፤ ያውም በደማቅ ፊደል። ምላሽ 5 ላይ ባለ ቁጥሯ ስትመለስ ትሕትናዋ ትንሽ ቀንሷል። 48 የክፍለ አህጉሩ አኃዝ እንጂ የኛ አገር አይደለም፤ ጥናቱን ካካሄዱ አገሮች የተሰበሰበ ነው፤ የተጠየቁትም በአብዛኛው ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ናቸው። የአራተኛ ክፍል ልጅ እዚያ ውስጥ የለችም። እኔ ከአሥር ስንት ብዬ ስጨነቅ የኔዋ እኩዮች ከነጭራሹ አልተጠየቁም ማለት ነው።

ምላሽ 6 ነገር ፍለጋ የመጣ ይመስላል፣ ጥያቄው ግን ደግ ነበር። ፒሳ የሚባለው ዓለም አቀፍ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሰጥ 23 በመቶ ተባለ፤ አሜሪካ በ2022 19 በመቶ አለች፤ ዩኔስኮ 32 ይላል፤ ታዲያ ማን ነው የሚዋሸው? ምላሽ 7 የባለ ቁጥሯ ነው፣ ከሁሉም ረጅሙ። የሚዋሽ የለም፤ የሚለያየው ጥያቄው ነው። አንዱ በወር ውስጥ አንዴም ብትሆን ይቆጥራል፣ ሌላው በወር ጥቂት ጊዜ ካልደረሰ አይቆጥርም፣ አሜሪካኖቹ ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ስለ ትምህርት ዘመኑ ይጠይቃሉ። ከዚያ ወደ ኖርዌይ ወሰደችን። በአገሪቱ ሰሜን ሦስት ወንዶች ልጆች ሕይወታቸውን ካጠፉ በኋላ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1983 ዘመቻ ጀመረ፤ ዳን ኦልቬየስ የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ተማሪውን በመጠይቅ ቆጠረ። ተበዳዩም በዳዩም ተደምሮ 15 በመቶ ገደማ ነበር። እሱ ያስቀመጠው መለኪያ ዛሬም ይሠራበታል። ሆን ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙና አንዱ ራሱን መከላከል የማይችል መሆኑ ናቸው። ለመደጋገሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው በወር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው።

ይህን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት የኛዋስ በወር ስንት ትሆናለች አለችኝ። የቀሚሱ አፈር ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ምላሽ 8 እና 9 ቃሉ ላይ ተጣሉ። 8 ጉልበተኝነት እንበለው ይላል። 9 አልዋጥ አለው። ጉልበተኛ ሲባል ቡጢና ቴስታ ነው የሚታየን፤ አንዲት ልጅ ሙድ ቢያዝባት፣ ምሳ ሰዓት አጠገቧ የሚቀመጥ ቢጠፋ፣ እናቷ ያወጣችላት ስም ቀርቶ በቅጽል ብትጠራ ይህ ምኑ ነው ጉልበት? እሱ እንደሚለው ቴሌቪዥንን ቴሌቪዥን እንዳልነው ቡሊንግን ቡሊንግ ብለን እንለፈው። 8 አማርኛን ገደላችሁት ብሎ ተቆጣና እስከ ግእዝ ወረደ። በመካከላቸው የተወራወሩትን አልተርከውም። እኔን የቆጨኝ ስሙ ከመጥፋቱ ይልቅ ስም ስላጣንለት የለም ማለት ቀላል መሆኑ ነው።

ለዚህም ይሆናል ምላሽ 10 ልክ በቦታው የመጣው። የጻፈችው የመንግሥት ትምህርት ቤት የ5ኛ ክፍል መምህርት ናት። አንድ ሰኞ ከደብተር ገጽ እየቀደደች ብጣሽ ወረቀት አደለች፤ ስም አትጻፉ አለች፤ ሰሌዳው ላይ በተማሪ ጥቃት ደርሶባችሁ ያውቃል ወይ ብላ ጻፈች። የለም፣ የለም፣ የለም እያለ ተመለሰላት። የፈተና ልማድ ሆኖባቸው ስማቸውን ከነተራ ቁጥራቸው የጻፉም ነበሩ። ማክሰኞ ያንን አጥፍታ ሌላ ጻፈች። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ዕቃህን ሳትፈልግ የወሰደብህ አለ? በማትወጂው ስም የጠራሽ? ከእኛ ጋር አትጫወትም ያለህ? ስንለቀቅ ጠብቀኝ ያለህ? ያን ቀን ወረቀቱ ፊትና ጀርባው ሞልቶ መጣ። አንዱ ልጅ ጽሑፍ አልጻፈም፣ ከሽንት ቤት እስከ ክፍሉ ያለውን መንገድ ሥሎ ትልልቆቹ የሚቆሙበት ማዕዘን ላይ የኤክስ ምልክት አድርጎበታል። ወረቀቱን እስከ ዛሬ የስም መጥሪያዋ ውስጥ አጥፋ ይዛዋለች።

ስንቱ ነው ታዲያ ብለው ወጠሯት። አልናገርም አለች። በሰኞና በማክሰኞ መካከል ክፍሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው እኔ በጠመኔ የጻፍኩት ነው አለች። ባለ ቁጥሯ እንኳ በዚህ አልተከራከረችም።

ከዚህ ወዲያ ነው ሞቅ ያለው። ምላሽ 11 ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው። በእርሳቸው ዘመን ልጅ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ አብሮ ብይ ይጫወታል፤ ይህ በሽታ ከውጭ የመጣ ነው፤ እኛ ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው አሉ። ምላሽ 12 ማንነቱን አላውቅም፣ አንደበቱ ግን ምላጭ ነው። የተገረፈ ሁሉ ሰው አልሆነም፤ አንዳንዱ ርእሰ መምህር ሆኗል አለ። ሳቅኩ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ፤ በአባት ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። እርሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ ልጁ ከመሳደብ ይቆጠብ ብቻ አሉና ቆዩ። ምላሽ 13 የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ጠቅሶ ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው አስታወሰ፤ አለንጋ ይዞ የሚዞር መምህር ባለበት ልጆቹ ዱላን ከማን ተማሩ ትላላችሁ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ አርባ መስመር ያህል ስለ እንብርክክ፣ በጠጠር ላይ ስለ መንበርከክ፣ ጣትን ሰብስቦ በማስመሪያ ጠርዝ ስለ መመታት ተወራ። እየተሳሳቁ ነው የሚያወሩት። ይህ ይገርመኛል።

ምላሽ 14ን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሰውየው አንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ውስጥ 6ኛ ክፍል ሳለ ሞኒተር ነበር። መምህሩ ሲወጡ ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ የረባሾችን ስም ይመዘግባል። መምህሩ ሲመለሱ ወረቀቱን ተቀብለው ሳይጠይቁ ይገርፋሉ። ጡንቻ አልነበረኝም፣ እስክሪብቶ ነበረኝ ነው የሚለው። ስም ለማስፋቅ ዳቦ፣ እርሳስ፣ ከረሜላ ይመጣለት ጀመር። ከስሙ አጠገብ መስቀል የበዛበት ልጅ ብዙ ይመታል፤ መስቀሉም ዋጋ ነበረው። አንድ የሚሰጠው የሌለው ልጅ ነበርና ዝም ቢልም ባይልም ስሙ ሁልጊዜ አንደኛ ተራ ላይ ነው። አንድ ቀን ልጁ ታሞ ቀርቶ ሳለ ከልማድ የተነሳ ጻፈው። መምህሩ ጠሩት፤ ክፍሉ ሳቀ፤ እርሳቸው ቀሪ መሆኑን ሲሰሙ እንኳ ወረቀቱን እንደገና አላዩትም። ዓመቱ ሲዘጋ ሞኒተሩ በመልካም ጠባይ ስድስት ደብተር ተሸለመ። ዛሬ ኦዲተር ነው። ያኔ አንድ ጥናት መጥቶ ሰው በድለህ ታውቃለህ ቢለኝ በሙሉ ልቤ አላውቅም እል ነበር አለ።

ከሥሩ ልብ የሚደረደር መስሎኝ ነበር፤ ያየሁት ጭጭ ያለ ገጽ ነው። ግማሽ ቀን ማንም አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረችው ምላሽ 15 ናት። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በገበያ ቀን ገንቦና ምጣድ ተሸክመው በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፉ ልጆቹ ያያሉ። በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት እሷ ብቅ ስትል ዳቦ የያዘው ሁሉ ዳቦውን ልብሱ ሥር ይደብቃል፤ ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ይበላል እያሉ። ማንም አልመታትም። እሷ ደግሞ ዕረፍት ላይ መሬት መሬት ማየት ለመደች። መምህሯ አንገቷን ደፍታ የምትሄደውን ልጅ ጨዋነቷን ለክፍሉ አርአያ አድርገው አወደሱላት። ከፍታ ከማትናገረው ነገር ሁሉ ያ ምስጋና ነው የሚያንገበግባት።

ምላሽ 16 ይህ የቆየ ያገር እምነት ስለሆነ ከተማሪ ጠብ ጋር አይደባለቅ አለ። ምላሽ 17 ላይ ሁለት ሰው ባንድ አፍ የተነሳበት ያህል ነው። የተዋረደች ልጅ የስድቡን ዕድሜ አትጠይቅም፤ ደግሞስ የት ሆኖ ነው የተሰደበችው፣ ትምህርት ቤት ግቢ አይደለም ወይ? ባለ ቁጥሯ እዚያው ጨመረችበት። ያው የዩኔስኮ ሰነድ ልጆች የሚበደሉበትን ምክንያት ሲያስቀምጥ መልክና ቁመና ይቀድማል፣ ዘር፣ ዜግነትና የቆዳ ቀለም ይከተላል። ከሌላው ለየት ያለ የመሰለ ልጅ የትም አገር ይመረጣል። 16 ጽሑፉን አጠፋው። ባያጠፋው ይሻል ነበር፤ 17 አሁን ከአየር ጋር የተጣላ ይመስላል።

ምላሽ 18 ከአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ነው። ልጁ በዲቪ ሄዶ 7ኛ ክፍል ገባ። በአነጋገሩ ያሾፉበት ነጮቹ አልነበሩም፣ እዚያው የተወለዱት የሐበሻ ልጆች ናቸው። በዚያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለውን ነገር በቅጽ እንዲቀበሉና እንዲያሳውቁ ሕግ ወጥቷል፤ አባት ቅጹን ሞላ፣ ተጠራ፣ ነገሩ ተጣራ። ጥሩ። ከዚያ በኋላ ግን ልጁን አሳባቂ ብለው ሦስት ሳምንት የሚያናግረው ጠፋ። ልጁ እስከ ዛሬ በዳዮቹን ትቶ አባቱን ነው የሚወቅሰው።

ምላሽ 19 ጃፓን ተምሮ የመጣ ሰው ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2013 ስለዚሁ በደል ሕግ ከወጣ ወዲህ የሚመዘገበው ቁጥር እየጨመረ ሄዶ በ2022 ከ680,000 አልፏል። ጋዜጣ ያነበበ ሰው አገሩ የከፋ ይመስለዋል። ነገር ግን ትርጉሙ ሰፍቷል፣ ትንሹም እንዲመዘገብ ይፈለጋል። እንዲያውም ዜሮ ብሎ ሪፖርት ያደረገ ትምህርት ቤት ያንን ዜሮ ለወላጆች ገልጾ የተረሳ ነገር እንዳለ እንዲያጣራ ሚኒስቴሩ ይጠይቃል። ይህን ሳነብ የኛን ርእሰ መምህር ፈገግታ አስታወስኩ።

ምላሽ 20 በሁለቱም ላይ ወረደባቸው። እናንተ ቅጽ አላችሁ፣ እኛ አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ አለን፣ ከባሕር ማዶ ሆኖ መምከር ይቀላል አለ። 18ም እሱ ራሱ አራት ሆኖ ተቀምጦ እንደተማረ፣ ምክር እንዳልሰጠና የልጁን ነገር እንደተናገረ ብቻ መለሰ። አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም ረጋ በሉ አለ።

ምላሽ 21 ሴቶች ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚደርስባቸው ለከፋ የትኛው ቆጠራ ውስጥ እንደሚገባ ጠየቀች። ከበሩ ውጭ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ አያገባኝም ይላል፣ ለካፊዎቹ ግን ያንኑ ዩኒፎርም የለበሱ ናቸው። የመለሰላት ሰው የለም። ለምን እንደተዘለለች አላውቅም፤ እኔም ዘልያታለሁ፣ አሁን ነው ያየኋት።

ምላሽ 22 ከሁሉም አጭሩ ነው፤ የጻፈችው 10ኛ ክፍል ተማሪ መሆኗን ተናግራለች። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ጥሏት አፏን ከፍታ ተኝታ ሳለ ፎቶ አነሷት፤ ከፎቶው የቴሌግራም ስቲከር ሠሩ። አሁን የክፍሉ ግሩፕ ላይ ደከመኝ ለማለት የፈለገ ሁሉ የሷን ፊት ይልካል። የሒሳብ መምህሩም አንድ ቀን ሳያውቁ ልከውታል። ማንም አልሰደባትም። ለማን ምን ብዬ ልክሰስ ነው ያለችው።

ምላሽ 23 ስልክ መከልከል ነው መፍትሔው ብሎ ተነሳ፤ ሌሎች ሁለት ተደረቡ። ባለ ቁጥሯ እዚያው ሥር ፊንላንድ ውስጥ የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያዘጋጁትን ኪቫ የሚባል ፕሮግራም አነሳች። ሥራው ከበዳዩና ከተበዳዩ ይልቅ ዳር ቆሞ በሚያየውና በሚስቀው ክፍል ላይ ያተኩራል። ስቲከሩን የሠራው አንድ ልጅ ነው፤ የሚልኩት ሃምሳ ናቸው። ተማሪዋ ይህን በልብ ምልክት አጸደቀች እንጂ ሌላ አልጻፈችም።

ምላሽ 24 ስለ ሰርቪስ ክፍያ ነው። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የኛም ጨመረ፣ እናንተ ጋ ስንት ገባ ይላል። እመኑኝ፣ ከየትኛውም ቁጥር ሥር በላይ ሰው የተንጫጫው እዚህ ነው።

ምላሽ 25 አንድ መስመር ናት፤ ለ14 የተጻፈች። የትኛው ከተማ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ብላ ብቻ ትጠይቃለች። ሞኒተሩ ከዚያ በኋላ ገብቶ እንደነበር ስሙ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ነጥብ ያሳያል። አልመለሰም።

ምላሽ 26 ያቺው መምህርት ለኔ የጻፈችው ነው። ልጅህን ማን መታሽ ብለህ አትጠይቃት፤ የት ነው የምትቀመጪው በላት አለችኝ። ክፍል ውስጥ፣ ምሳ ላይ፣ ሰርቪስ ላይ።

ማታ ጠየቅኳት። ክፍል ውስጥ መስኮቱ ጋ፣ ምሳ ላይ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር። ሰርቪስ ላይ ስላት ጫማዋን ማየት ጀመረች። መኪናው ከልኩ በላይ ስለሚጭን ረዳቱ በሩ ሥር ዱካ አስገብቷል። ወንበሮቹን የ7ኛ ክፍል ልጆች ቦርሳ ዘርግተው ይይዟቸዋል። ዱካዋንም የሚወስድባት ሲመጣ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፤ የሁሉም ጫማ እዚያ ነው የሚራገፈው። ምንጣፍ ነው የሚሏት። ረዳቱም ስትወርድ ምንጣፍ ደረስሽ ይላታል፣ እሱ ግን ደግ ነው አለችኝ፣ አንድ ቀን ማስቲካ ሰጥቷታል።

ሰኞ በጠዋት ወርጄ ሹፌሩን አነጋገርኩ። ሰውየው ደነገጠ፤ ከልቡ የደነገጠ ይመስለኛል። ከማክሰኞ ጀምሮ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦታ ተሰጥቷታል። ሆዷን አላለችም።

ሐሙስ ልሸኛት ወርጄ በሩ ሲከፈት ወደ ውስጥ አየሁ። ዱካዋ እዚያው ናት። አንድ የኬጂ ልጅ ቦርሳውን አቅፎ ተቀምጦባታል፤ ሳየው ሳቀልኝ። ረዳቱ በሩን ዘጋውና ሄዱ።

የልጁን ወላጆች አላውቃቸውም። ስልካቸውን ከትምህርት ቤቱ ብጠይቅ ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ትደውላላችሁ?